እስከ ጥቅምት 2 ቀፎዎቹን እንዳትከፍት

ልጄ እንዴት ሰነበትክ፣ ስልክህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እምቢ ብሏል፣ ማክሰኝት ከከተማው ወጣ ካሉ ኔትወርኩ እንደዛ ነው አውቃለሁ፣ እንግዲህ በቴሌግራም ልጻፍልህ፣ ሲመጣልህ ታነበዋለህ። አጎትህ ገበያ ወጥቶ ደውሎልኝ ነበር። ደህና ነው አለ፣ ይበላል አለ፣ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ልጅሽ ትንንሾቹን ቀፎዎች በየቀኑ ይከፍታል፣ ንግሥቷን ካላየሁ እያለ ፎቶ ሲያነሳ ነው የሚውለው»። ኧረ በእመቤቴ!

አንተ ልጅ፣ ክፈት ያለህ ማነው? ንግሥቶቹ ካደጉበት ቤት የወጡት በመስቀል ማግስት ነው አላልከኝም? መስከረም 18 ማለት ነው። ከዚያ 14 ቀን ቁጠር፣ ጥቅምት 2 ይመጣልሃል። ያን ቀን ጠዋት ትከፍታለህ፣ እስከዚያ እጅህን ሰብስብ።

ዝም ብላ ትጨቀጭቀኛለች እንዳትል ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አዲስ ንግሥት እንደወጣች እንቁላል አትጥልም። መጀመሪያ 5 ወይ 6 ቀን እዛው ውስጥ ትጠነክራለች፣ ከዛ ሰማዩ ጠርቶ ሲሞቅ ከሰዓት ላይ ወጥታ አየር ላይ ከድንጉላዎች፣ ከወንዶቹ ንቦች ጋር ትገናኛለች፣ ካንዱ ጋር ብቻ እንዳይመስልህ ከ10 ከሚበልጡ ጋር ነው፣ አንዳንዴም ባንድ ቀን አይበቃትም በማግስቱ ትደግማለች። ተገናኝታ ከጨረሰች በኋላ ደሞ እንቁላል እስክትጥል 2 ወይ 3 ቀን ትፈልጋለች። ዝናብ ከገባበት ሁሉም ወደ ኋላ ይሄዳል። ዛሬ መስከረም 24 ነው፣ ስድስተኛ ቀኗ፣ መውጫዋ ዛሬ ነገ ነው፣ አንተ ደሞ ልክ በዚህ ሰዓት ክዳን አንስተህ ቆመሃል! ገና ያልተገናኘች ንግሥት ቀላል ናት፣ እንቁላል እንደያዘችዋ አትከብድም፣ ደንግጣ ብር ካለች ላትመለስ ትችላለች። ንቦቹም ሲረበሹ እሷኑ ከበው አፍነው ይገድሏታል። ስትመለስም ክዳኑ ተነስቶ ሰው ፊቱ ላይ ተገትሮ ካገኘች ግራ ገብቷት ጎረቤት ቀፎ ትገባለች፣ እዛ ደሞ ባለቤት አለ፣ አለቀላት።

ከ6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አጠገባቸው አትድረስ። ከቦታቸውም ክንድ ታህል እንዳታንቀሳቅሳቸው። አትክፈት።

የአጎትህን በቅሎ ደሞ ከዛ አጥር ፈቀቅ አድርገህ እሰራት፣ ባለፈው የሆነውን ታውቃለህ፣ ሁለተኛ አያናግረንም። ሽቶም ተቀብተህ አትሂድ።

ከወጡ ማግስት አንዴ አየሁ ያልከኝ እሱስ ልክ ነበር። የንግሥቷ ቤት ጫፉ ዙሪያውን ተቆርጦ ክዳኑ ተንጠልጥሏል አልከኝ፣ በሰላም ወጥታለች ማለት ነው፣ ጎኑ ቢቀደድ ኖሮ ሌላ ንግሥት ገድላታለች ማለት ነበር። እዛ ጋ ጎበዝ ነህ የኔ ጌታ፣ ኮርቻለሁ። ዘግተህ መሄድ ነበረብህ እንጂ።

አያትህ እኮ ቀፎ የሚከፍተው ማር ሲቆርጥ ብቻ ነበር። በዚህ በመስከረም፣ አደዩና መቹ ሲያብብ፣ ማታ ማታ እበት የተመረገው ቀፎ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። የወጣችው ንግሥት ጢ... ጢ ጢ እያለች ትጮሃለች፣ ገና ከቤቷ ያልወጣችው ደሞ ወፈር ባለ ድምፅ ትመልስላታለች ይል ነበር። እሱን ሲሰማ «ሁለት ናቸው፣ መንጋ ሊወጣ ነው» ይልና ባዶ ቀፎ በወይራ አጥኖ ሲነጋ ይጠብቃል። እኔ ታዲያ ኩራዝ ይዤ ቆሜያለሁ። ወንድሞቼን ኑ ስሙ ይላቸዋል፣ እኔን አንድ ቀን ጆሮሽን ለጥፊ ብሎኝ አያውቅም፣ ሴት ልጅ ናት፣ ኩራዝ ትያዝ። አጎትህ ሰምቶታል እኔ አልሰማሁትም፣ ይኸው እስከዛሬ ድምፁን የማውቀው ከአባቴ አፍ ነው። እንደው ሳስበው ይቆጨኛል። ቀፎ የነካሁት እሱ ካረፈ ስንት ዓመት ቆይቶ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ለሴቶች ሥልጠና ሲሰጥ ነው፣ መጀመሪያ ፍሬም፣ ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩበትን የእንጨት ክፈፍ፣ ሳነሳ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሰልጣኞቹ ንብ ፈራች ብለው ሳቁብኝ። ንብ ፈርቼ አልነበረም።

አንተን ማንም አይከለክልህም፣ ማታ ሂድና ጆሮህን ለጥፍ። ሳትከፍት ታዲያ!

ቀን ማየት ካማረህ ከሩቅ ሆነህ መግቢያውን እይ፣ የአበባ ዱቄት እግራቸው ላይ ጭነው ደጋግመው ከገቡ ደግ ምልክት ነው። አራቱም ቀፎ አንድ ዓይነት ስለሆነ ንግሥቶቹ እንዳይሳሳቱ ሳትቀባቸው አትቀርም ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ ካልቀባህ አሁን አትነካካው፣ ለሚቀጥለው ሰማያዊና ቢጫ አድርገው፣ ቀይ ንብ አይታየውም።

ጥቅምት 2 ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ጭስ በትንሹ ስጥና የመሃሉን ፍሬም ብቻ አንሳ። ፀሐይዋን በጀርባህ አድርገህ ጉድጓዶቹን ታች ድረስ እይ። ንግሥቷን አትፈልጋት፣ እንቁላል ካለ እሷም አለች። የነጭ ክር ቁራጭ ነው የሚመስለው፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ አዲስ የተጣለ ነው፣ ከተጋደመ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። አንዳንዱ ውስጥ ሁለት ብታይ አትደንግጥ፣ ጀማሪ ናት። ግድግዳው ላይ ሦስት አራት ሆኖ ከተዝረከረከ ግን የሠራተኞቹ ንቦች እንቁላል ነው፣ ንግሥቷ የለችም ማለት ነው። ጭራሽ ምንም ከሌለ ዘግተህ እስከ ጥቅምት 9 ጠብቅ። ያኔም ባዶ ከሆነ ከትልቁ ቀፎ እንቁላል ያለበት ፍሬም አውጥተህ ስጣቸው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የንግሥት ቤት መሥራት ከጀመሩ ንግሥት የላቸውም።

ቀኑን ክዳኑ ላይ በከሰል ጻፈው። የቀፎዎቹ መቆሚያ እግሮች ዙሪያ አመድ ነስንስ፣ ጉንዳን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጥቅምት 2 አልኩህ፣ 1 አይደለም። የላክሁልህን በሶ ብላ፣ ለአጎትህም ስጠው፣ ቢጫውን ጄሪካን ደሞ ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ይላክልኝ፣ ውኃ ከጠፋብን ሳምንት ሊሆነው ነው።

እናትህ
ጎንደር፣ መስከረም 24