ስለ ሪቢንስክ ሲጻፍ ሞሎጋ አትዘለል

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በቮልጋ ዳር ስለምትገኘው የሩሲያ ከተማ ስለ ሪቢንስክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁ። ለአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ቦታ መስጠታችሁ ደስ ቢያሰኘኝም ታሪኳ የስም መለዋወጥ ብቻ ሆኖ መቅረቡ ከንክኖኛል።

እርግጥ ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ሽቸርባኮቭ ተባለች፤ በ1957 ሪቢንስክ፣ በ1984 አንድሮፖቭ፣ በ1989 ደግሞ እንደገና ሪቢንስክ። ሽቸርባኮቭና አንድሮፖቭ የሶቪየት ኅብረት ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ሁለቱም በሞቱ ብዙም ሳይቆይ ነው ስማቸው የተሰጣት። ዩሪ አንድሮፖቭ በወጣትነታቸው እዚያው በወንዝ ትራንስፖርት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ይህ ግን የአንድን ከተማ ስም ለመፋቅ የሚበቃ ምክንያት አይመስለኝም።

የቀድሞ ስሟ ከሥራዋ የወጣ ነውና። ሪብናያ ስሎቦዳ፣ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነበረች፤ ለዛሮቹ፣ ማለትም ለሩሲያ ነገሥታት፣ ማዕድ ዓሣ ትገብር ነበር። ንግሥት ካትሪን 2ኛ የከተማነት ማዕረግ የሰጧት በ1777 ነው። በኋላ ያበለጸጋት እህል ነው። ከሪቢንስክ በላይ ቮልጋ ጥልቀቱ ስለሚያንስ ከታች የመጣው እህል ከትልልቅ ጀልባዎች ወደ ትንንሾቹ ይገለበጥና በቦዮች በኩል ወደ ያኔዋ ዋና ከተማ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ይጓዝ ነበር። ጀልባዎቹን ደረታቸው ላይ በታሰረ ገመድ ሽቅብ የሚጎትቱት ድሆች ቡርላክ ይባላሉ፤ ከተማዋም የቡርላኮች መናገሻ ተብላ ትጠራ ነበር። የዋና ከተማው ዳቦ በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ሲመጣ ኖሮ፣ በጽሑፋችሁ አንድ መስመር እንኳ አላገኙም።

ከሁሉ የከፋው ግን የሞሎጋ ከተማ መዘለሏ ነው። በሪቢንስክ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራው የቮልጋ ግድብ በ1941 ውኃ መያዝ ሲጀምር ጎረቤቷ ሞሎጋና በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ቀስ በቀስ ሰጠሙ። ወደ 130 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ሰዎች የእንጨት ቤታቸውን ነቅለው፣ ግንዱን በታንኳ መልክ አስረው በወንዙ ላይ እያንሳፈፉ ወሰዱ፤ ብዙዎቹም ሪቢንስክ ሰፈሩ። ግድቡ በጦርነቱ ጊዜ ለሞስኮ መብራት መስጠቱን አልክድም። ቢሆንም የዛሬዪቱ ሪቢንስክ በከፊል የተፈናቃዮች ከተማ መሆኗን ሳይናገሩ ስለ ስሟ ብቻ መጻፍ እነዚያን ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ማፈናቀል ነው።

ውኃው በሚጎድልባቸው ዓመታት የሞሎጋ የቤት መሠረቶች ብቅ ይላሉ፤ የተወላጆቹ ልጆችና የልጅ ልጆችም ሊያዩ ይሄዳሉ። በሪቢንስክም ለሞሎጋ መታሰቢያ የሚሆን ሙዚየም አለ። በሚቀጥለው እትማችሁ ይህን ጨምራችሁ እንድታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ