ከኋላው ይሞቃል ወይ?

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እማዬ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን አይጣል ነው። ዛሬ ከሥራ ስመለስ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሶ ነበር። ይህን ደብዳቤ የልጅ ልጅህ ቀስ ብላ ታንብብልህ። በስልክ እንዳልነግርህ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ነገሩ ደግሞ ተቆራርጦ የሚወራ አይደለም።

ቴሌቪዥን ገዛሁ አባዬ። ፕላዝማ።

ሳምንት ሆነኝ። 50 ኢንች ነው፣ ፓናሶኒክ ቪዬራ። ከክረምት ጀምሮ እየቆጠብኩ ነው የገዛሁት፤ ብድር የለብኝም፣ እንዳታስብ። ሱቁ ውስጥ ግድግዳውን ሞልተው የተሰቀሉት ኤል ኢ ዲ የሚሏቸው ናቸው። ዓይን ይወጋሉ። በዚያ ሁሉ መብራት መሃል ፕላዝማው ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው፤ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሻጩም ወደ ኤል ኢ ዲዎቹ ነበር የሚገፋኝ። እኔ ግን አንተ ሱቅህ ውስጥ ቴሌቪዥን ስትጠግን ያስተማርከኝን አደረግሁ። «መጀመሪያ የሰው ፊት እይ። ፊት ያልሆነለት ቴሌቪዥን አበባ ቢያሳምር ምን ያደርጋል» ትል ነበር። ዜና አንባቢዋ እስክትመጣ ቆሜ ጠበቅሁ። በሌሎቹ ላይ ጉንጯ የተቀባ ሸክላ ይመስላል። ፕላዝማው ላይ ግን ቆዳ ነበር። ከዓይኗ ሥር ያለው የድካም ጥላ ሳይቀር ይታያል። ይሄን ስጠኝ አልኩት።

ፕላዝማ የሚለውን ቃል ስሰማ እስካሁን ፊቴ የሚመጣው የአስራ አንደኛ ክፍል ክፍላችን ነው። በ1997 ዓ.ም. በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳው ላይ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። መምህሩ ከስክሪኑ ውስጥ ሆኖ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ እጅህን ብታወጣ አያይህም፣ ጽፈህ ሳትጨርስ ሰሌዳው ይቀየራል። ማታ ቤት ስገባ ሌሎች አባቶች ምን ተማርሽ ይላሉ። አንተ ግን ዕቃውን ነበር የምትጠይቀኝ። ከኋላው ምን ያህል ይወፍራል? ይሞቃል ወይ? የሥዕል ቱቦ ከሌለው ብርሃኑ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ሥራህን ጥለህ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተህ ነበር፣ ቆሞ ለማየት ብቻ። ዘበኛው አላስገባህም። ቴስተሩን በጋዜጣ ጠቅልለህ በብብትህ ይዘህ ስትመለስ በመስኮት አይቼሃለሁ። ነግሬህ አላውቅም።

ያኔ ያልመለስኩልህን አሁን ልመልስልህ።

ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር በታች ነው። ቱቦ የለውም። ሁለት መስታወት ተነባብሮ በመካከላቸው ከጤፍ ያነሱ ክፍሎች አሉ። በያንዳንዱ ውስጥ ኒዮንና ዜኖን የሚባል ጋዝ አለ። ኤሌክትሪክ ሲነካው ጋዙ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ይሰጣል። ያ ብርሃን ክፍሉ የተቀባውን ፎስፈር የሚባል የሚያበራ ዱቄት ሲመታው ቀይ ወይም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይበራል። ሱቅህ ጣሪያ ላይ ያለው ፍሎረሰንት ማለት ነው አባዬ። እሱን ከጤፍ አሳንሰህ ስድስት ሚሊዮን ቦታ ደርድረው። ቁጥሩን እንደምትጠይቅ ስለማውቅ፦ በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥብ፣ ለያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ክፍል። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የጠገንከው ፓል የሚባለው የድሮው የሥርጭት ዓይነት 625 መስመር ነበር።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አለመሆኑ ደግሞ ገረመኝ። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፈረንጆች 1964 ነው የተሠራው። በዚያው ዓመት ነው አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው። ሁለቱም ያንተ የወጣትነት እኩዮች ናቸው።

ይሞቃል ወይ? ይሞቃል። በእጄ ጀርባ ነካሁት፣ አንተ እንደምታደርገው። መስታወቱ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ነው። የድሮው ቴሌቪዥን መስታወት ሲነካ የክንድ ፀጉር ያስነሳ ነበር፤ ይሄ ያንን አያደርግም። ከፍተህ ካቻቢቴውን በሽቦ ከብረቱ ጋር አያይዘህ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ኃይል ስታራግፍ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «25 ሺህ ቮልት ነው፣ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» ትለኝ ነበር። ዛሬም አዲስ ዕቃ ፊት ስቆም እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል።

ግን ልነግርህ የቸኮልኩት ጥቁሩን ነው።

የመጀመሪያው ማታ መብራት አጥፍቼ መጋረጃውን ዘጋሁ። ፊልሙ ላይ ሌሊት ሆነ። ሌሎቹ ቴሌቪዥኖች ከጀርባቸው መብራት ስላለ ጥቁሩ አመድ ይሆንባቸዋል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ክፍል ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ጠርዙ ከግድግዳው ጨለማ ጋር ተቀላቀለና የት እንደሚያበቃ ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ደሴ መብራት ሲሄድ በረንዳ ወጥተን ከጦሳ በላይ የምናየው ሰማይ ነው የመሰለኝ። እዚያ ጨለማ ውስጥ አንዲት ሻማ በራች። ሻማዋ ብቻ። ዙሪያዋን አላቆሸሸችውም። አንተ እዚህ ብትሆን ምንም አትናገርም ነበር፤ ወንበርህን ብቻ ታስጠጋለህ።

ቀን ላይ እንደዚህ አይደለም። መስታወቱ መስኮቱን ያንጸባርቃል፣ መጋረጃ ይፈልጋል። ሙሉ በረዶ ሲያሳይ ነጩ ደከም ይላል፤ ሁሉም ክፍሎች አንድ ላይ ሲበሩ ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል። የሚበላው መብራትም ከኤል ኢ ዲው ይበልጣል። እሑድ ዕለት ቡና ሳፈላ የሀገራችንን ጣቢያ ከፍቼ ረሳሁት። ስቀይረው ጥግ ላይ የነበረው አርማ ጥላው ቀርቶ አገኘሁት። ደነገጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለቀቀ፣ አሁን ግን አንድ ሥዕል ላይ ብዙ አላቆየውም። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጓደኞቼ ደግሞ ሶፋው ስለሞላ በጎን ነበር የተቀመጡት፤ ከጎንም ሆነው ቀለሙ አልተለወጠባቸውም።

የሲድኒው ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ቀን ትዝ ይልሃል? መስከረም 15 ቀን 1993፣ ሰኞ፣ ለደመራ አንድ ቀን ሲቀረው። ሱቅህ ውስጥ ለጥገና የመጣ የሰው ቴሌቪዥን ከፍተህ ፒያሳው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር። እኔ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጬ የብየዳ ሊድ ጭስ ይሸተኛል። የመጨረሻው ዙር ሲጀምር ሥዕሉ መንከባለል ጀመረ። አንተ ከኋላ ገብተህ ቁልፉን በጣትህ ያዝከው። ስትለቀው ይንከባለላል፣ ስትይዘው ይቆማል። ስለዚህ አልለቀቅከውም። ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው እኛ ሁላችንም አየን። አንተ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሆነህ «ማን ነው? ማን ነው?» ትል ነበር። ሰው ተቃቅፎ ሲጮህ የሚመልስልህ ጠፋ። እኔ ነኝ «ኃይሌ!» ያልኩህ። ላብህ ከአገጭህ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ጣትህ አሁንም ቁልፉ ላይ እንዳለ ነበር።

በዚህ ቴሌቪዥን መጀመሪያ የፈለግሁት ያንን ሩጫ ነው። ቅጂው አሮጌ ነው፤ ትልቅ ሲሆን ብዥታው ይብሳል። ቢሆንም የመጨረሻውን መቶ ሜትር ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ስላንተ።

ቀጥሎ ባለፈው ነሐሴ ሞስኮ ላይ የተሮጠውን የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ከፈትኩ። ጥሩነሽ የመጨረሻው ዙር ላይ ስትፈተለክ እግሯ አይንዛዛም አባዬ። ድሮ በጥሩ ቴሌቪዥንም ቢሆን ሯጭ ሲፈጥን ከኋላው ጭራ ይተዋል። እዚህ ጫማዋ መሬት ሲነካና ሲለቅ ለየብቻ ይታያል። ከኋላዋ ኬንያዊቷ፣ ቀጥሎ የኛዋ በላይነሽ ኦልጅራ። የበላይነሽ ትንፋሽ በትከሻዋ ላይ ሲወጣና ሲገባ አየሁት። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

ድምፅ አለው። ድምፅ ማጉያው አይደለም። ድምፁን ዝም ሳሰኘው ከጀርባው ቀጭን «ዝዝዝ» ይሰማል። ሥዕሉ ሲጨልም ይጠፋል፤ ነጭ ሲበዛ ይጨምራል። ጓደኞቼ አልሰሙትም። እኔ ሰማሁት፣ ምክንያቱም ፍላይባክ፣ ያ የድሮው ቴሌቪዥን ከፍተኛ ቮልት የሚያወጣው ዕቃ፣ ሲያለቅስ ከመንገድ ማዶ የምትለየው አንተ ነህ ያሳደግከኝ። ጠይቄ እንደተረዳሁት ከከፍታው ነው። አጠገቤ ያለው ዴንቨር ከተማ ከባሕር በላይ 1,609 ሜትር ነው። መስታወቶቹ መሃል ያለው ጋዝ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ሁለቱን መስታወት ጥብቅ አድርጎ የሚይዛቸው የውጪው አየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ አያያዙ ይላላል፣ ኤሌክትሪኩ በፍጥነት ሲበራና ሲጠፋ መስታወቱ ይርገበገባል።

ለዚህ ነው ወንድሜ «ለቤትም አንድ ላኪ» ሲለኝ እሺ ያላልኩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ይብስበታል። ደግሞ እዚህ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። ከስታቢላይዘርና ከመብራት መጥፋት ጋር ስትታገል ላይህ አልፈልግም። ለሱ ያሰብኩትን ብር ለዓይንህ አድርጌዋለሁ። ሞራው የግራ ዓይንህን ሳይጨርሰው ይገፈፍ። ቀኙ ያየዋል እያልክ ሁለት ዓመት አስጠበቅከን። እማዬ ነግራኛለች፣ ካቻቢቴ በዳበሳ መፈለግ ጀምረሃል። ተው አባዬ። ብሩ በዚህ ሳምንት ይደርሳችኋል፤ ለሌላ ነገር እንዳይውል።

ሱቁ በ15 ቀን ውስጥ ከመለስሽ ገንዘብሽን እንመልሳለን ብሎኛል። ስምንት ቀን ቀርቶኛል። ልመልሰውና ሌላ ፕላዝማ ልግዛ እንዳልል ፓናሶኒክ በዚሁ በፈረንጆች ዲሴምበር ማምረቱን ያቆማል። ባለፈው ወር መግቢያ ላይ ነው የሰማሁት። ቀጭኑ ኤል ኢ ዲ ረክሶ ገበያውን ወሰደበት። የቀረው መጋዘን ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ይህን ከመለስኩ ያንን ጥቁር ዳግመኛ የማገኘው አይመስለኝም። ድምፁ የከፍታ ብቻ ከሆነ እለምደዋለሁ። ሌላ በሽታ ካለው ግን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ እሱን የምትለይልኝ ደግሞ አንተ ነህ።

ደብዳቤውን ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ይዞት ስለሚሄድ ሐሙስ ይደርስሃል። እሑድ በናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ሬዲዮውን አጥፉልኝ፣ ልጆቹም ለአምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ። መጀመሪያ ጨለማ ሥዕል አደርጋለሁ፣ ቀጥሎ ነጭ። ስልኩን ከጀርባው አስጠጋዋለሁ። አንተ በደህናው ጆሮህ ብቻ አዳምጥ።

የምትወድህ ልጅህ