ስለ ላክሽልኝ የባቡር ዕቃዎች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በእንፋሎት ለምትሄደው ትንሿ የመጫወቻ ባቡር የላክሻቸው ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣው)፣ የግፊት መለኪያ ጌጅና የዘይት መስጫ ደርሰውኛል፤ ሁለቱን ብገጥምም እሳት አላነደድኩም።

ቫልቩ ያለ ችግር ገባ። ያስቸገረው ጌጁ ነው፤ የእሱ ጥርስ 6 ሚሊሜትር ሲሆን የቦይለሩ (የውሃ ማፍያው ጋን) ቀዳዳ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ በእጅ ሲያስገቡት የያዘ ይመስላል እንጂ ግፊት ሲያገኘው ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄጄ መሸጋገሪያ አስቆረጥኩ። ባለሙያው ከናስ ሊሠራልኝ ነበር፤ ሙቅ ውሃ በናስ ውስጥ ያለውን ዚንክ ቀስ በቀስ ስለሚበላው ከነሐስ እንዲሆን ለመንኩት። ወደ ጌጁ የሚሄደውን ቀጭን የመዳብ ቱቦም አንድ ዙር ጠምዝዤዋለሁ፤ እንፋሎቱ በዙሩ ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ትኩሱ እንፋሎት የጌጁን ስስ የውስጥ አካል አያገኘውም።

እናትሽ «ለመጫወቻ ይህ ሁሉ ድካም?» ትላለች። እርግጥ ነው፣ የድሮው ምድር ባቡራችን ሀዲድ 1 ሜትር ይሰፋ ነበር፣ የዚህችኛዋ 89 ሚሊሜትር ነው፤ እንፋሎት ግን መጫወቻ ነው ብሎ አይራራም። ይህ ቦይለር በሚሠራበት በ4 ባር ግፊት ውሃ የሚፈላው 152 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ፣ ቦይለሩ ቢቀደድ የውሃው ከፊል በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ስለዚህ ቫልቩን ፈትቼ፣ ቀዳዳውን በብሎን ደፍኜ፣ አየር ሳላስቀር ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ በእጅ ፓምፕ እስከ 6 ባር እፈትነዋለሁ፤ ውሃ እምብዛም ስለማይጨመቅ አንድ ቦታ ቢሰነጠቅ እንኳ ከማንጠባጠብ አያልፍም። አዲሱንም ጌጅ በዚያው አጋጣሚ ከሌላ ከታመነ ጌጅ ጋር አስተያየዋለሁ።

ውሃውን በተመለከተ፣ የቧንቧችን ውሃ በማንቆርቆሪያው ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ፤ ለማንደጃው ቀን ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ገዝቻለሁ።

የዘይት መስጫውን ያላስገባሁት ዘይቱ ስለሌለኝ ነው። እንፋሎት ወደ ዕቃው ገብቶ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱም ከፍ እያለ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል፤ አሠራሩ በጣም ያምራል። የመኪና ሞተር ዘይት ግን በእርጥብ እንፋሎት ቶሎ ይታጠባል። ስለዚህ ስትመጪ ለእንፋሎት ሲሊንደር የሚሆነውን ወፍራም ዘይት ግማሽ ሊትር ያዢልኝ፤ ለውሃ መመልከቻውም ዲያሜትሩ 5 ሚሊሜትር የሆነ የመስታወት ቱቦ ብታገኚ ሁለት አድርጊው፣ አንዱ መለዋወጫ ይሆነኛል።

አባትሽ