ካስ ከመሄድህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜና ለወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ መቆየታችን አንጀቴን ይበላኛል፤ ከእንግዲህ እንዲህ አንጠፋፋም። ልጆቹን ይዘህ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ካስ ወደምትባለው ከተማ ልትሄድ፣ የእንፋሎቱን ባቡርም ልታሳፍራቸው ነው ሲሉ ሰማሁና ደስ አለኝ። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በመኪና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ቢወስድ ነው። አብዛኛው ሰው እዚያ ሄዶ ጭሱንና ተራራውን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። አንተ ግን ድሬ ዳዋ፣ ባቡር ጥገናው አጠገብ ያደግህ ሰው ነህ፤ ነገሩን ከሥሩ አውቀኸው እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ሐዲዱ ሰው ለማመላለስ የተዘረጋ አይደለም። ዌስት ቨርጂኒያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር የተባለው የወረቀት ኩባንያ በ1901 በግሪንብራየር ወንዝ ዳር ከተማዋን ቆረቆረና ከሹማምንቱ በአንዱ በጆሴፍ ኬር ካስ ስም ሰየማት። የፈለገው ከበላይዋ ባሉት ተራሮች ላይ የነበረውን ቀይ ስፕሩስ ነው። ቅጠሉ መርፌ የመሰለ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ለጣውላም ለወረቀትም የሚሆን ዛፍ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያው ሥራ የጀመረው በ1902 ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው የእኛ ሐዲድም ድሬ የደረሰው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የእኛው ግን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ነበረው፤ የካስ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው።

ዋናው ነገር ዳገቱ ነው። ከካስ ጣቢያ (747 ሜትር) እስከ ቦልድ ኖብ ተራራ (1,476 ሜትር) ያለው መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚከፋው ቦታ በየ100 ሜትሩ 11 ሜትር ይነሣል። ለዋና መስመር ባቡር በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር መውጣት እንኳ ከባድ ዳገት ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሳይንሸራተት መግፋት የሚችለው ካረፈበት ክብደት ሩብ ያህሉን ነው፤ ሐዲዱ ሲረጥብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በተራ ለኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን በሚጎትተው ባለ ሞተሩ ባቡር) የሚነዱት መካከል ላይ ያሉት ትልልቅ ጎማዎች ብቻ ናቸው። የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎችና ከኋላ ውሃና ከሰል የሚጭነው ፉርጎ ክብደት ይሸከማሉ እንጂ አይገፉም። እንዲህ ያለው ለኮሞቲቭ 11 በመቶ ዳገት ላይ ራሱን ካወጣ ትልቅ ነገር ነው፤ ግንድ የጫነ ፉርጎ የሚገፋበት ጉልበት አይተርፈውም።

ለዚህ ችግር መላ ያገኘው በሚሺጋን ግንድ ያስቆርጥና ያሰነጥቅ የነበረው ኤፍሬም ሼይ ነው። ግንድ በበረዶ ላይ በፈረስ መጎተት የሚቻለው በክረምት ብቻ ነበር፤ በእንጨት ሐዲድ ሲሞክሩት ደግሞ የተጫነው ጋሪ ቁልቁለት ላይ ፈረሶቹን እየደረሰባቸው ይጎዳቸው ነበር። ሼይ በ1881 ፓተንት ያወጣበት ለኮሞቲቭ ሁሉም ጎማዎቹ የሚነዱ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ላይማ በምትባል ከተማ የነበረው ፋብሪካ እስከ 1945 ድረስ ከ2,700 በላይ ሠራ። ክላይማክስና ሃይስለር የሚባሉ ተፎካካሪዎችም ነበሩት፤ በጫካ ሥራ ግን ሼይን የሚያህል አልተገኘም።

ጣቢያው እንደደረስህ መጀመሪያ ወደ ለኮሞቲቩ ቀኝ ጎን ሂድ፤ ሞተሩ ያለው እዚያ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደሮች ቀጥ ብለው ቆመው ታያለህ። ውሃው የሚፈላበት በርሜል፣ ቦይለሩ፣ ክብደቱን ለማመጣጠን ወደ ግራ ሸሸት ብሎ ተቀምጧል፤ ከፊት ሆነህ ስታየው የተጣመመ የሚመስልህ ለዚህ ነው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ ከጎማዎቹ ጎን በለኮሞቲቩ ርዝመት ይሄዳል። በጭነት መኪና ሥር ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ አስብ፤ ይኸኛው እሱ ነው፣ ልዩነቱ በውጭ መሆኑ ነው። በየመገጣጠሚያው ይታጠፋል፤ አንዱ ቁራጭ በሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣም ይረዝማል፣ ያጥራል። ስለዚህ ጠባብ ኩርባ ላይ ጎማዎቹ ከነማቀፊያቸው ሲዞሩ ዘንጉ አይሰበርም። ዘንጉ ላይ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች በየጎማው ፊት ላይ ካለው ትልቅ የጥርስ ቀለበት ጋር ይነክሳሉ። ጎማው አንዴ እንዲዞር ዘንጉ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መዞር አለበት። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይበዛል።

ድምፁንም ልጆቹ እንዲቆጥሩት ንገራቸው። ተራው ለኮሞቲቭ ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ሦስት ሲሊንደር ያለው ሼይ ግን ዘንጉ አንዴ ሲዞር ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ደግሞ 12 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ጆሮ የሚበር ባቡር ይሰማል፤ ዓይን ግን በሰው እርምጃ ዳገት የሚወጣ ያያል።

ጥርሶቹ በውጭ መሆናቸው በጎም ክፉም አለው። ክፉው፣ ጎማ እንዳይንሸራተት ሐዲዱ ላይ የሚነፋው አሸዋ ከግራሶው ጋር ተለውሶ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መጥረግና በወፍራም ግራሶ መቀባት ያስፈልጋል። በጎው ደግሞ፣ ጫካ መካከል አንድ ጥርስ ወይም መገጣጠሚያ ቢሰበር ለኮሞቲቩን ሳያነሡ በመፍቻና በመዶሻ እዚያው ይለውጡታል። ግንድ ቆራጮቹ ሼይን የወደዱት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በጫካ ሥራ ቶሎ ከሚሄድ ይልቅ ቶሎ የሚጠገን ይሻላል።

ስትወጡ ባቡሩ ሁለት ቦታ ላይ ቆሞ አቅጣጫ ይለውጣል። ተራራው ለመዞሪያ የሚሆን ሜዳ ስለሌለው ሐዲዱ እንደ ፈረንጅ Z ፊደል እየተጣጠፈ ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ነጂውና እሳት አንዳጁ ዓይናቸውን ከውሃ መለኪያው መስታወት አያነሡም። ለኮሞቲቩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲወጣ በቦይለሩ ያለው ውሃ ወደ ኋላ፣ ወደ እሳት ሳጥኑ ይተኛል፤ ይህ ደህና ነው። በሚቀጥለው እጥፋት በጀርባው ሲወጣ ግን ውሃው ወደ ፊት ይሸሻል፤ ከስሶ ከሆነ የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ይራቆታል። ውሃ የሌለበት ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ይለሰልሳል፤ የእንፋሎቱ ግፊት ከቀደደው ቦይለሩ ይፈነዳል። ለዚህ ሲባል በጣሪያው ላይ ለስላሳ ብረት የተሞላ ቡሎን ይደረጋል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ቀልጦ እንፋሎቱን ወደ እሳቱ ይለቅና አደጋውን ያስታውቃል። ብልህ እሳት አንዳጅ ግን እዚያ ሳይደርስ፣ ከመታጠፊያው በፊት ውሃውን ከፍ አድርጎ ይሞላል።

መውረዱ ከመውጣቱ የበለጠ ያስፈራል። የአየር ፍሬን ያለው ባቡር ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ለቅቆ እንደገና አየር መሙላት አለበት፤ በዚያች አፍታ ግን ፉርጎው ያመልጣል። ስለዚህ ከመውረዳቸው በፊት በየፉርጎው ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቫልቭ ያዞራሉ፤ እሷ ነጂው አየር እስኪሞላ ድረስ በፍሬኑ ውስጥ ጥቂት ግፊት ታስቀራለች። ፍሬን ያዦቹም የእጅ ፍሬኑን ይጠመዝዛሉ። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት የረጠበ ቅጠል ሐዲዱ ላይ ሲወድቅ፣ ወይም ውርጭ ሲይዘው፣ ጎማው ተቆልፎ መንሸራተት ይጀምራል። ሰው በድንጋጤ ይበልጥ ሊያጠብቀው ይዳዳዋል፤ ትክክሉ ግን ትንሽ ለቅቆ ጎማው እንዲዞር ማድረግ፣ አሸዋ መንፋት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ መያዝ ነው። የተንሸራተተ ጎማ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በዞረ ቁጥር ሐዲዱን ይቀጠቅጠዋል።

ጫካው ውስጥ ቅርንጫፍ ሐዲድ የሚዘረጋው ለአጭር ጊዜ ነበር። አግዳሚ እንጨቱን እዚያው ቆርጠው ያስቀምጣሉ፣ ቀላል ሐዲድ ይቸነክሩበታል፣ ዛፉ ሲያልቅ ነቅለው ወደሚቀጥለው ሸለቆ ይወስዱታል። ሐዲዱን ከዘረጉት መካከል ከጣሊያን የመጡ ብዙ ነበሩ። ገደል ለገደል ያለውን ግንድ በእንፋሎት የሚሠራ መጎተቻ፣ ከምሰሶ ላይ በተዘረጋ የብረት ገመድ አንጠልጥሎ እስከ 900 ሜትር ድረስ ያመጣው ነበር። ከዚያ በፉርጎዎቹ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ክሬን እያነሣ ይጭነዋል። ከላይ በ1,174 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ስፕሩስ የምትባል ከተማ ነበረች፤ የመኪና መንገድ የላትም፣ መግቢያዋም መውጫዋም ሐዲድ ብቻ ነበር። እዚያ ለወረቀት የሚሆነውን እንጨት ቅርፊት እየላጡ በፉርጎ ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ ኮቪንግተን ወረቀት ፋብሪካ ይልኩት ነበር። መላጫው በ1925 ሲዘጋ ከተማዋ ሰው እያነሳት ሄደች፤ ዛሬ ቤት የለባትም።

መሰንጠቂያውን በ1982 እሳት በልቶት ፍርስራሹ ነው የቀረው፤ ግን ቆም ብለህ እየው። ግንዱ መጀመሪያ ኩሬ ውስጥ ይጣላል። ግንዱ ሲጎተት የተሰካበትን ድንጋይና አፈር ውሃው ያጥበዋል፣ ደርቆ እንዳይሰነጠቅም ያደርገዋል። አንዲት ጠጠር የመጋዙን ጥርስ ልትሰብር ትችላለች። ከኩሬው በሰንሰለት ወደ ላይ ይወጣና፣ በእንፋሎት ወደፊትና ወደኋላ በሚወረወር ጋሪ ላይ ታስሮ ወደ መጋዙ ይገፋል። ጫጫታው ስለማያነጋግር ሰንጣቂው የሚፈልገውን ውፍረት በጣቱ ምልክት ያዝዛል። መጋዙ በሁለት ትልልቅ ጎማዎች ላይ የሚዞር የብረት ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ በአንድ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ያደርጋል፤ ክብ መጋዝ ግን 7 ሊያደርስ ይችላል። አስላው፦ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው አራት ማዕዘን ግንድ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ስታወጣ፣ በክብ መጋዝ 18፣ በጥብጣቡ 21 ይወጣልሃል። ያችን ሦስት ጣውላ የሚያተርፈው መጋዝ ሞራጁ ነው። ጥብጣቡን በየጥቂት ሰዓቱ አውርዶ ጥርሱን ይስላል፣ ጫፉን ቀጥቅጦ ያሰፋል፣ ውጥረቱን በመዶሻ ያስተካክላል። ውጥረቱ ከተዛባ መጋዙ ይወላገዳል፤ ጣውላው በአንድ ጫፍ ወፍሮ በሌላው ቀጥኖ ይወጣል። ስለ ለኮሞቲቩ ብዙ ይወራል፤ ስለዚህ ሰው ግን የሚናገር ጥቂት ነው፣ ይህም ያሳዝነኛል።

በደህናው ጊዜ መሰንጠቂያው በቀን ሁለት ፈረቃ፣ እያንዳንዱ 11 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራ ነበር። በአንድ ፈረቃ ወደ 295 ሜትር ኩብ ጣውላ ይወጣው ነበር። እርጥቡ ጣውላ በእንፋሎት ቧንቧ በሚሞቁ ክፍሎች ይደርቃል። በየመደዳው መካከል የሚገቡት ቀጫጭን እንጨቶች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው ይጎብጣል። ሙቀቱ ከመጀመሪያው ከበዛ ደግሞ ላዩ ደርቆ ይጠነክራል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀርና በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በእርጥብ እንፋሎት ይለሰልሳል፣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ከተማዋ ራሷ የኩባንያው ነበረች። በረድፍ የቆሙት ነጫጭ የሠራተኛ ቤቶች፣ ሱቁ፣ ኮረብታው ላይ ያሉት የአለቆች ቤቶች ሁሉ አንድ ባለቤት ነበራቸው። ቤቶቹ ዛሬ ለእንግዳ ይከራያሉ፤ ብታድሩ እዚያ እደሩ። መሰንጠቂያው በየቀኑ ግንድ ካላገኘ ከተማዋ የምትኖርበት አልነበራትም፤ ስለዚህ የሚቆረጠው የሚያድገውን እየቀደመ ሄደ። በነዚያ ተራሮች የቀረው ቅርንጫፍና ቅጠል ደርቆ፣ ከባቡር በሚወጣ ብልጭታም በሌላም ሲቀጣጠል፣ ለዘመናት የተከማቸው የበሰበሰ ቅጠል አፈር ጭምር በብዙ ቦታ እስከ ዓለቱ ነደደ። አፈሩ የጠፋበት ቦታ ላይ ስፕሩስ ቶሎ አይመለስም። ዛሬ በ1920 በተከለለው በሞኖንጋሂላ ብሔራዊ ደን ውስጥ መልሰው ይተክሉታል። የለኮሞቲቩ ጥበብ ልቤን ቢገዛውም ይህን ሳትነግር ለልጆቹ ባቡሩን ብቻ እንድታሳያቸው አልፈልግም።

ኩባንያው በ1942 ማወር ለምበር ለተባለ የጣውላ ኩባንያ ሸጠው፤ በጁላይ 1፣ 1960 ሥራው ቆመ። ሐዲዱ ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጥ ሲል ግዛቱ ገዛው፤ በ1963 መንገደኛ ማሳፈር ጀመረ። ቁጥር 5ን ፈልገህ አሳያቸው፤ በ1905 ተሠርቶ እስከ ዛሬ እዚያው ካስ ያለ ነው። ቁጥር 6 ደግሞ ላይማ የሠራው የመጨረሻው ሼይ ነው፤ በ1945 የወጣ፣ 147 ቶን የሚመዝን፣ መጀመሪያ የተሠራው ለከሰል ማዕድን መስመር ነው።

ጊዜ ካላችሁ እስከ ቦልድ ኖብ ድረስ የሚሄደውን ትኬት ግዛ፤ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ልጆቹ ከደከማቸው በመንገዱ ላይ ያለው ዊታከር ጣቢያ ይበቃል፤ ሁለቱም መታጠፊያዎች ከዚያ በፊት ስለሆኑ አያመልጧችሁም፣ የድሮው የግንድ ቆራጮች ሰፈርም እዚያ ተሠርቶ አለ። ክፍት ፉርጎ ላይ ከተቀመጣችሁ የከሰል ብናኝ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ መነጽር ያዙ። ላይኛው ጫፍ በሐምሌም ይበርዳልና ሹራብ አትርሱ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ስትመለሱ ጻፍልኝ፤ ቁጥር 5ን በሥራ ላይ ካገኘሃት የጥርሶቿን ፎቶ ላክልኝ።

ወንድምህ