የመረመረውም የሠራው ሰው ነው፦ ለበረራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ሄሊኮፕተር ማብረር አስተምራለሁ። በሥልጠና በረራ ላይ ሳለን የበረራ መቆጣጠሪያው እንደከዳን ለመሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። የደረሰኝ መልስ ሁለት መስመር ነው፤ በሰው ላይ ጉዳት ስላልደረሰ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። ሰው ያልተጎዳው ግን ነገሩ ቀላል ስለሆነ አልነበረም። ዝቅ ብለን ስለነበርን ብቻ ነው። በአደባባይ የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው።

ሠልጣኜ ገና የስምንት ሰዓት በረራ ያለው ወጣት ነው። በዚያ ጠዋት አየር ላይ ባሉበት ረግቶ መቆየትን እያለማመድሁት ነበር፤ ከመሬት ያለን ርቀት ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። በድንገት የሄሊኮፕተሩ አፍንጫ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። ልጁ እንደተማረው የግራውን ፔዳል ረገጠ፤ መዞሩ ባሰ። መሪውን ተቀብዬ እኔም ረገጥሁ። እግሬ አንዳች ሳይከብደው እስከ መጨረሻው ሄደ። ነዳጅ መስጫውን ወዲያው ዘጋሁት። የሞተሩ ጉልበት ሲቋረጥ ሽክርክሪቱ በረደ፤ ከላይ በሚሽከረከረው ክንፍ፣ ማለትም በዋናው ሮተር ውስጥ በቀረችው ዙር ተደግፈን መሬቱን መታነው። ልጁ ቀበቶውን ሳይፈታ ረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት እኮ ከዛፎች በላይ በ150 ሜትር ከፍታ ላይ ነበርን!

የጅራቱ መሸፈኛ ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ ነበር። የፔዳሉን ትእዛዝ አፍንጫው እንዳይዞር ወደሚይዘው የጅራት ሮተር ከሚያደርሱት ዘንጎች ሁለቱ የሚገናኙበት ብሎን ከቦታው ወጥቶ ወድቋል፤ ዳዶው ከሽፋኑ ሥር ተኝቷል። ጥርሱ አልተበላም፤ የተሰበረ ነገርም የለም። ዳዶው እንዳይፈታ በብሎኑ ቀዳዳ አልፋ የምትታጠፈው ቀጭን ፒን ግን ሙሉዋም ስባሪዋም አልተገኘችም። ቀዳዳው ዙሪያ አንድ ጭረት እንኳን አልነበረም። ጭራሹን አልገባችም ማለት ነው። መዝገቡ ያ መገጣጠሚያ ከሦስት ቀን በፊት ለጥገና ተፈትቶ እንደታሰረ ይናገራል። «የሠራው» እና «የመረመረው» በሚሉት ሁለት ቦታዎች ላይ የተቀመጠው ፊርማ የአንድ ሰው ነው።

ያንን ባለሙያ አውቀዋለሁ፤ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ እንዲቀጣም አልጠይቅም። አንድን ነገር የረሳ ሰው ተመልሶ ሲያይ የሚያየው እንደሠራው አድርጎ ነው። የራሱን ሥራ ራሱ እንዲመረምር የፈቀደለት አሠራር ነው የሚያሳስበኝ።

ከበረራው በፊት ያደረግነው ፍተሻም ሊያድነን አይችልም ነበር። ፔዳሎቹን ግራና ቀኝ ገፍተን አይተናል፤ ብሎኑ ገና ከቦታው ስላልወጣ በትክክል ታዘዙ። መገጣጠሚያው ያለው በተዘጋ ሽፋን ውስጥ ነውና ሠልጣኝም አስተማሪም አያየውም። ሞተር ቢጠፋ ምን እንደምናደርግ ደጋግመን እንለማመዳለን፤ ከታች የሚመጣው አየር ሮተሩን እያዞረው ያሳርፈናል። ያች ፒን የጎደለችው ዋናውን ሮተር በሚያዘው ዘንግ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን የምንለማመደው መፍትሔ የለም።

ይህ ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 2011 ላስ ቬጋስ አቅራቢያ አንድ የጎብኚዎች ሄሊኮፕተር ተከስክሶ አብራሪውና አራቱ ተሳፋሪዎች ሞተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ በዋዜማው በተካሄደው ጥገና ያረጀ ዳዶ ተመልሶ መታሰሩን፣ ፒኗም በትክክል አለመግባቷን ወይም ፈጽሞ አለመግባቷን ደርሶበታል። ዘንጉ ተለያይቶ አብራሪው መሪውን አጣ። እዚያ መርማሪ ነበረ፤ ነገር ግን የሠራውም የመረመረውም ሰው ደክመው ነበር፤ የሥራው ቅደም ተከተልም በዝርዝር ተጽፎ አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ሁለተኛ ፊርማ ስጠይቅ ለወረቀቱ ብዬ አይደለም። ሥራውን ያልነካ፣ ያረፈ ሰው እያንዳንዱን ዳዶና ፒን በዓይኑ አይቶ በየተራ ምልክት እንዲያደርግ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ወሳኝ ከሆነ ጥገና በኋላ የሥራውን ስህተት የሚይዝ እንዲህ ያለ ነጻ ምርመራ የታወቀ አሠራር ነው።

ጉዳዩ የተዘጋበት ምክንያትም ትክክል አይደለም። የአገሮችን የሲቪል በረራ በሚገዛው የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ውስጥ ስለ አደጋ ምርመራ በሚደነግገው አባሪ 13 መሠረት አንድን ክስተት «ከባድ» የሚያሰኘው የተጎዳ ሰው መኖሩ ሳይሆን ለአደጋ እጅግ የቀረበ መሆኑ ነው፤ አውሮፕላኑን ለመቆጣጠር ያስቸገረ የመሣሪያ ብልሽት ከምሳሌዎቹ አንዱ ነው። እርግጥ አባሪው ከባድ ክስተት እንዲመረመር የሚያስገድደው ክብደታቸው ከ2,250 ኪሎ ግራም ለሚበልጡት ነው። ለሥልጠና የሚያገለግለው ሮቢንሰን አር 22 ሙሉ ክብደቱ ከ650 ኪሎ ግራም በታች ነው፤ በመጠን ተለቅ የሚለው አር 44ም ከ1,200 ኪሎ ግራም አያልፍም። እንግዲህ ብዙ ጀማሪዎች የሚማሩባቸው ሄሊኮፕተሮች ከግዴታው ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው። አባሪው ግን ትንንሾቹንም መመርመር እንደሚገባ ይመክራል፤ መሥሪያ ቤትዎን የሚከለክለው ሕግ የለም።

የምለምንዎ የተዘጋው መዝገብ ተከፍቶ እንዲመረመርና ውጤቱ ለማሠልጠኛዎች ሁሉ እንዲደርስ ነው። የሥልጠና ሄሊኮፕተር መቆጣጠሪያ ከተነካ በኋላ ነጻ ምርመራ ሳይደረግለት እንዳይነሳ መመሪያ ይውጣ። ከዚያ ጥገና በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያ በረራም ሠልጣኝ የሌለበት ይሁን። ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ዝም ያሉ አስተማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁና ስማቸው ሳይገለጥ የሚያመለክቱበት መንገድም ይመቻችላቸው።

ብሎኑና ዳዶው በማሠልጠኛው ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። መርማሪ ከላኩ ያን ጠዋት ምን እንደሆነ በዝርዝር ለመናገር ዝግጁ ነኝ፤ ሠልጣኜም ቃሉን ለመስጠት ተስማምቷል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሄሊኮፕተር በረራ አስተማሪ