በመርከብ ላይ የቧንቧ ውሃ ስለመጠጣት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ በቅርቡ ለመዝናኛ መርከብ ተሳፋሪዎች ከተሰጡት ምክሮች አንዱ፣ የመርከቡን የቧንቧ ውሃ ለጥርስ ማጽጃ እንጂ ለመጠጥ እንዳንጠቀምበትና የታሸገ ውሃ ጥቅል አስቀድመን እንድንገዛ የሚል ነበር። የቀሩትን ምክሮች በምስጋና ተቀብያለሁ፤ ይህኛው ግን ያለ በቂ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦችን ለወጪ የሚዳርግ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ላለፉት 11 ዓመታት በአንድ የከተማ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሠራሁ፣ ነገሩን በሙያዬም በኪሴም በኩል ለማየት ዕድሉን አግኝቻለሁ።

ከኪሱ ልጀምር። ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴ፣ ከልጃችንና ከአማቴ ጋር ሆነን ከባልቲሞር ተነሥቶ ባሃማስ ደርሶ በሚመለስ መርከብ ለ7 ሌሊት ተጉዘን ነበር። ወደ ካቢናችን ስንገባ ከመስታወቱ ሥር ባለ አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ሁለት ጠርሙስ ተቀምጦ አገኘን፤ ልጃችን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ካርድ ሳያነብ አንዱን ከፍቶ አጋመሰው። ካርዷ 4 ዶላር ከ95 ሳንቲም ትላለች፤ በሒሳባችን ላይ ሲመዘገብ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ታክሎበት 5 ዶላር ከ84 ሳንቲም ሆነ። አራት ሰዎች በቀን አንድ አንድ ሊትር ብቻ እየጠጡ ቢከርሙ የሳምንቱ ሒሳብ ከ163 ዶላር ያልፋል፤ በዚያ ፀሐይ ደግሞ በአንድ ሊትር ውሎ የሚያድር ሰው የለም።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ከነካርዱ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ኮዳዬን ከእጅ መታጠቢያው ስሞላ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «ልጄ፣ ከሽንት ቤት ተቀድቶ ይጠጣል እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው በሣቅ የሚታለፍ አይደለም። የካቢን መታጠቢያ ቤት ጠባብ ስለሆነ ቧንቧው ከመጸዳጃው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ከዚያ መቅዳት ማንንም ይቀፋል። በዚያ ላይ እኛ ያደግነው ውሃ እየተፈላ ወይም «ውሃ አጋር» እየተጨመረበት፣ እንግዳ ሲመጣም «ሃይላንድ» እየተገዛ ነው፤ የአንድ ድርጅት ስም የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኖ የቀረው እኮ የታሸገውን አብልጠን በማመናችን ነው። ጥርጣሬው በቦታው ትክክል ነበር። መርከቡ ላይ ግን የእጅ መታጠቢያው፣ የገላ መታጠቢያውና የወጥ ቤቱ ውሃ የሚመጣው ከአንድ የመጠጥ ውሃ መስመር ነው፤ በረዶውም፣ ሾርባውም፣ አማቴ ጠዋት ጠዋት ያለ ጥርጣሬ የሚጠጡት ሻይም ከዚያው የተቀዳ ነው።

ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ብዙ ነገር ያቀላል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ ከታች ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መርከቡም የባሕሩን ውሃ በሞተሮቹ ሙቀት አፍልቶ ጨውን ወደ ኋላ ያስቀራል፤ የሚያፈላው አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ስለሆነ 100 ዲግሪ መድረስ እንኳ አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ሳስቶ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላው ማለት ነው፤ የመርከቡ ከዚህም በጣም ያነሰ ነው። ሌላው መንገድ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ሲሆን፣ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያለውን የባሕር ውሃ በከፍተኛ ግፊት እጅግ በረቀቀ ወንፊት ውስጥ ያሳልፈዋል። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ውሃ ጣዕም የለሽና ቧንቧ የሚበላ ስለሚሆን ማዕድን ይጨመርበታል፤ አነስተኛ ሙቀትም ሆነ ወንፊት ብቻውን ስለማይታመን ደግሞ ክሎሪን ይገባበታል። ወደብ ውስጥና በተበከለ አካባቢ ውሃ ማምረት አይፈቀድም። ከባልቲሞር የሚነሣ መርከብ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ጨርሶ ውቅያኖስ ለመድረስ በርካታ ሰዓታት ስለሚፈጅበት፣ የመጀመሪያው ምሽት ውሃ በታንክ የቆየ ወይም ከወደቡ የተጫነ ነው፤ የተጫነውም ቢሆን ሳይመረመርና ክሎሪን ሳይገባበት ወደ ካቢን አይለቀቅም።

ቁጥጥሩን በተመለከተ፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ ተሳፋሪ ይዘው ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚገቡ መርከቦች ሲዲሲ በሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የመርከቦች ንጽሕና ፕሮግራም ሥር ናቸው። ፕሮግራሙ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ፍተሻው ድንገተኛ ነው፤ ከመቶ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል፤ ውጤቱም ከነመርከቡ ስም ለሕዝብ ይገለጣል። በደንቡ መሠረት በመስመሩ ውስጥ ያለው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም እንዳያንስና ከ5 እንዳይበልጥ ይጠበቃል፤ ለአሜሪካ ከተሞች ውሃ የተፈቀደው ጣሪያ 4 ነው። የሙያ ልማድ አይለቅምና የክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት በሻንጣዬ ይዤ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ከካቢናችን ቧንቧ የቀዳሁት ወረቀቱን ወደ 1 ሚሊግራም ቀለም አመጣው፤ ከቤታችን ውሃ ብዙም አይለይም።

የክሎሪኑ ሽታ የሚያስቸግረው ሰው ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ክዳን ሳያደርግበት በትንሿ ማቀዝቀዣ ቢያሳድረው ጠዋት አብዛኛው በኖ ያገኘዋል። አማቴን ያሸነፋቸው ይህ እንጂ የእኔ ማብራሪያ አይደለም፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ብርጭቆዎቹን የሚደረድሩት እርሳቸው ሆኑ። ከካቢን መቅዳት አሁንም የሚከብደው ሰው ደግሞ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ውሃ በነፃ ይቀርብለታል፤ ውሃው ያው ነው። እዚያ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ አፋችሁ የነካውን ኮዳ ከውሃ መቅጃው ማሽን አፍ ጋር አታነካኩ፤ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ኮዳው ገልብጡ። በመርከብ ላይ ሆድ የሚያናጋው በአብዛኛው ኖሮቫይረስ ነው፤ እርሱም በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ በእጅና በተነካካ ዕቃ እንዲሁም በምግብ ነው። በየበሩ የሚሰጠው የአልኮል ጄል በዚህ ቫይረስ ላይ አቅሙ ደካማ ስለሆነ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብን አይተካም። የታሸገ ውሃ እየገዛ እጁን ሳይታጠብ ማንኪያ የሚያነሣ ተሳፋሪ ገንዘቡን ያዋለው ለተሳሳተው ነገር ነው።

በሽታን የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችና ጡጦ የሚጠባ ሕፃን የያዙ እናቶች ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ለእነርሱ የእኔ ደብዳቤ በቂ አይደለም። የተናገርኩትም ስለ መርከቡ ብቻ ነው፤ መርከቡ በሚቆምባቸው ወደቦች የየብሱ የቧንቧ ውሃ ከቦታ ቦታ ይለያያልና ኮዳን ሞልቶ መውረዱ ይሻላል።

የመርከብ ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ዋጋውን ለመንገር ካርድ እያንጠለጠሉ፣ የቧንቧው ውሃ እንደሚጠጣ ለመንገር ግን ካቢን ውስጥ አንዲት መስመር የማይጽፉ አሉ። እኔ በተጓዝኩበት መርከብ በእጅ መታጠቢያው አጠገብ ስለ ፎጣ አጠቃቀም የሚገልጽ ጽሑፍ በአራት ቋንቋ ተለጥፎ ነበር፤ ስለ ውሃው ምንም አልነበረም። በዚያች ካርድ ጀርባ ላይ እንኳ «ከቧንቧው መጠጣት ይቻላል» ተብሎ ቢታተም፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆችን ይዘው ለሚጓዙ ልጆች ማስረጃ ይሆን ነበር። ኩባንያዎቹ እስኪያደርጉት ድረስ የጉዞ ዓምዳችሁ ያወጣውን ምክር በሚቀጥለው እትም እንዲያርምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ