ክላውዱ ይምጣ፣ ግን መስመር ሲጠፋስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚከፈቱ የሩቅ ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች)፣ ማዛወራቸውን እደግፋለሁ። በሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈበትን ሌሊት የሚያስታውስ የድሬ ሰው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ብቻ ያለ ወረቀት ምን ያህል ዋስትና እንደሌለው ያውቃል።

ግን ክላውዱም የሚያርፈው የሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ ሰርቨር ላይ ነው። በመስከረም 2018 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ያለው የመንግሥት ዳታ ማዕከል ተቃጠለ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ ወደመ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ያውም ኮሪያ!

እኛ ጋ ደግሞ የየዕለቱ ራስ ምታት የኢንተርኔት መስመር ነው። በቅርቡ ለአንድ ማስረጃ ቢሮ ሄጄ ሠራተኛዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። መሃሉ ላይ ክቡ ይሽከረከራል፣ ሌላ ምንም የለም። «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» አለች። ምን ታድርግ? ከኋላዬ የተሰለፉት እናት ግን ከገጠር ቀበሌ በሌሊት ተነስተው የመጡ ናቸው። ለእሳቸው ነገ ማለት እንደገና የትራንስፖርት ብር መፈለግ ነው። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበርም አንርሳ።

ስለዚህ የልደት፣ የጋብቻና የይዞታ መዝገባችን አንድ ቅጂ እዚሁ ከተማችን፣ ሌላው ከዚህ ርቆ ይቀመጥ። መስመር ሲጠፋ ቢሮው እዚህ ባለው ቅጂ ይሥራ፤ መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ይናበቡ። ወጪ አለው፣ አዎ። የሕዝቡን ምልልስ ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ሌላው መውጫው ነው። የክላውድ አገልግሎት ሰጪው ነገ ዋጋ ቢቆልልብን፣ መረጃችንን ሌላ ቦታ ሊነበብ በሚችል መልኩ ይዘን የምንወጣበት አንቀጽ ውሉ ላይ ይስፈር። አንዴ ከገቡ በኋላ መደራደር ከባድ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። መስመር በጠፋ ቀን ፋይላችን ይከፈታል ወይ የሚለው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ውል የሚወሰን ነው። የከተማችን ምክር ቤት እንዲህ ያለ ውል ከመፈረሙ በፊት በግልጽ ይወያይበት። ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊከፍተው እንደሚችልም ለነዋሪው ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ